አዲስ የጨው ውሃ አኳሪየም፦ የሕያው ድንጋይ አካካብና የፍጥረታት አገባብ በአዲስ አበባ ከፍታ

ባሕር ዳርቻ ባለ ፋብሪካ የታሸገ የድንች ቺፕስ ፒያሳ ሱቅ ውስጥ ሲደረደር እንደ ኳስ ተወጥሮ የሚታየው፣ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና አየሩ ስለሳሳ ነው። ይኸው የሳሳ አየር በአኳሪየም ውሃ ውስጥ የሚሟሟውን ኦክስጅን በሩብ ያህል ይቀንሰዋል። በባሕር ወለል ላይ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ የባሕር ውሃ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ አራት ኪሎ ወይም ካዛንቺስ ላይ ያለ ያው ውሃ ከ5 ሚሊግራም ብዙም አያልፍም። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ ሕያው ድንጋይ፣ ማለትም ደቃቅ ፍጥረታት የሰፈሩበት የኮራል ድንጋይ፣ የሚደረድር ሰው በቅድሚያ ሊያስብበት የሚገባው የውሃው መተላለፊያ ነው፤ የፍጥረታቱ መኖሪያ ከዚያ ይቀጥላል፣ ለዓይን ማማሩም መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ይህን የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ነው። የመጀመሪያውን አኳሪየሜን ስሠራ ድንጋዩን ከኋላው መስታወት ጋር አስጠግቼ እንደ አጥር ግንብ ደረደርኩት፤ ከፊት ለሚያየው ያምር ነበር። በሦስተኛው ወር አንድ ሌሊት መብራት ለአምስት ሰዓት ያህል ጠፋ። ንጋት ላይ ስነሣ ዓሦቹ በሙሉ አፋቸውን ከውሃው ገጽ ጋር አጋጥመው ያለከልኩ ነበር። ግንቡን ሳፈርሰው ከጀርባው የተጠራቀመው ጥቁር ዝቃጭ የበሰበሰ እንቁላል ሸተተኝ፤ ውሃ የማይዘዋወርበት ያ ጠባብ ቦታ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች መናኸሪያ ሆኖ ኖሯል።

ሳጥኑና መቆሚያው

በዚህ መመሪያ በምሳሌነት የምወስደው ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱም 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ሳጥን ነው። ሙሉ ይዞታው 250 ሊትር ቢሆንም፣ አሸዋው፣ ድንጋዩና ከላይ የሚተወው ክፍተት ሲቀነስ የሚገባው ውሃ ወደ 200 ሊትር ይጠጋል። ሁሉም አንድ ላይ 300 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ በተለይ የእንጨት ወለል ባላቸው አሮጌ የፒያሳ ቤቶች ውስጥ የሚኖር ሰው ሳጥኑን በክፍሉ መካከል ሳይሆን ከግድግዳው አጠገብ፣ ከተቻለም ምድር ቤት ቢያደርገው ይመረጣል። የመስኮት ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ አልጌ ስለሚያበዛ አይሆንም። መቆሚያው ባዶውን ሳለ ውሃ ልክ በርዝመትም በወርድም ያስቀምጡበትና ያስተካክሉ፤ ዘመም ካለ መስተካከል ያለበት የመቆሚያው እግር ነው እንጂ ከመስታወቱ ሥር ሽብልቅ አይገባም።

ድንጋዩን መምረጥ

ሕያው ድንጋይ ስንል ድንጋዩ ራሱ ሕይወት አለው ማለታችን አይደለም። የሞተ ኮራል አፅም፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ባክቴሪያ፣ ትላትል፣ ስፖንጅና ሌሎች ደቃቅ ፍጥረታት የሰፈሩበት ነው። ጥቅሙ ያለው ከቀዳዳዎቹ ላይ ነው። ከውጭ በኩል ያሉት ኦክስጅን የሚሹ ባክቴሪያዎች ከዓሦቹ የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ፤ ኦክስጅን እምብዛም በማይደርስበት የድንጋዩ ውስጠኛ ክፍል ያሉት ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ቀይረው ወደ አየር ይለቁታል። ስለሆነም ክብደቱ ቀለል ያለና ሰፍነግ የሚመስል ቁራጭ ከከባድና ድፍን ቁራጭ ይሻላል። ለ200 ሊትር ውሃ ከ18 እስከ 22 ኪሎ ይበቃል፤ ቀደም ሲል የሚመከረው መጠን ከዚህ ይበልጥ ነበር፣ ነገር ግን ብዙ ድንጋይ ማለት ጥቂት ውሃና የታፈነ መተላለፊያ ማለት ነው።

ድንጋዩ ከየት ይምጣ? ከጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ቁራጭ ኮራል በሻንጣ ይዞ መምጣት ለብዙዎች ቀላል መንገድ መስሎ ይታያቸዋል። ሆኖም ድንጋያማ ኮራሎችና ሕያው ድንጋይ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት፣ በሳይተስ፣ ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ የተካተቱ ስለሆኑ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ክልክል ነው፤ ኢትዮጵያም ጅቡቲም የስምምነቱ አባላት ናቸው። በአገራችን በዚህ ጉዳይ የሚጠየቀው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። በእኔ ግምት ለጀማሪ የሚሻለው በሰው እጅ የተሠራ ደረቅ ቀዳዳማ ድንጋይ ከውጭ ማስመጣትና ሕይወቱን እዚሁ ማሳደር ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ከሪፍ ላይ ምንም አልተነቀለም፣ የማይፈለግ እንግዳም አብሮ አይገባም።

ለመሠረት የሚሆነውን ከአገር ውስጥ ማግኘት ይቻላል። ለስሚንቶ ማምረቻ የሚውለው የሙገር ኖራ ድንጋይ፣ በጁራሲክ ዘመን ይህን ምድር ሸፍኖት የነበረው ባሕር ትቶት የሄደው ስለሆነ፣ ወደ ጨው ውሃ መመለሱ ወደ ቤቱ እንደ መመለስ ነው። ጉድለቱ ድፍን መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ከታች ለመደገፊያ እንጂ ለጠቅላላው ካብ አይበቃም። አንድ ድንጋይ የኖራ ድንጋይ መሆኑን ለማወቅ ከወጥ ቤት አቸቶ ወስደው ጥቂት ጠብታ ያሳርፉበት፤ ጭስስ ብሎ አረፋ ካወጣ ኖራ ነው። በከተማችን ግንባታ ላይ የምናየው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት በመሆኑ አያፈላም፤ ከባድ ነው፣ ለባክቴሪያም መኖሪያ የሚሆን ቀዳዳ የለውም። የዝገት ቀለም ያለው ጅማት የሚታይበትን ድንጋይ አይጠቀሙ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ከባሕር የወጣ ወይም ከሌላ ሰው አኳሪየም የመጣ ድንጋይን ለማጽዳት ብሎ በድስት መቀቀል ሰውን ሊገድል ይችላል። አንዳንድ የዞአንቲድ ወገን ኮራሎች ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ኃይለኛ መርዝ ስለሚይዙ፣ መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ተነሥቶ ቤተሰቡን በሙሉ ይመርዛል። ድንጋዩን በጓንት ይያዙ፣ በብሩሽም የሚፈትጉት ከሆነ ውሃ ውስጥ ነክረው እንጂ በደረቁ አይሁን።

ሕይወት ያለበት ድንጋይ በሕጋዊ መንገድ ካስመጡ በጉዞ ላይ የሞተው ክፍል መበስበሱ አይቀርም። ማሞቂያና ፓምፕ ባለበት ትልቅ ሳፋ ውስጥ በጨው ውሃ ያቆዩት፣ የሚሸተውን ክፍል በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እያነሡ ውሃውን ይለውጡ፤ ሽታው የባሕር ሽታ ብቻ እስኪሆንና አሞኒያው ዜሮ እስኪደርስ ድረስ ወደ ዋናው ሳጥን አይግባ።

ካቡን በካርቶን ላይ መሥራት

ሙሉ ሥራው ከሳጥኑ ውጭ፣ ወለል ላይ ማለቅ አለበት። አንድ የፍሪጅ ካርቶን ዘርግተው የሳጥኑን ወለል ልክ፣ 100 በ50 ሳንቲ ሜትር፣ በማርከር ያስምሩ። ከዚያ በአራቱም አቅጣጫ 8 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብለው ሁለተኛ መስመር ያስምሩ። ከዚህ ውስጠኛ መስመር የሚያልፍ ምንም ድንጋይ አይኖርም፤ ክፍተቱ የመስታወት ማጽጃው የሚገባበት ሲሆን፣ ከዚያም በላይ ውሃው ከካቡ ጀርባ ዞሮ የሚመለስበት መንገድ ነው። እኔ በመጀመሪያው ሳጥኔ ያልተውኩት ይህንን ነው።

ድንጋዮቹን በሦስት ክምር ይለዩ፦ ሰፋፊና ጠፍጣፋ የሆኑት ለመሠረት፣ ረዘም ያሉት ለድልድይ፣ ቀዳዳማና ቀላል የሆኑት ለላይኛው ክፍል። መሠረቱ ላይ የሚሠራው ሕግ የጉልቻ ሕግ ነው። ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ የማይነቃነቀው ሦስት መቀመጫ ነጥብ ምን ጊዜም ስለሚገጥም ነው፤ አራተኛ ቢጨመር ግን አንዱ ወይ ያጥራል ወይ ይረዝማል። እያንዳንዱ የላይ ድንጋይ ከሥሩ ባሉት ላይ በሦስት ነጥብ እስኪያርፍ ድረስ ያገላብጡት። ጫፉን በአንድ ጣት ጫን ሲያደርጉት ከተወዛወዘ፣ ትንሽ ጠጠር ሸጉጦ ማለፍ አይገባም፤ ያንሡትና በሌላ ጎኑ ይሞክሩት። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ እዚህ ግን ሥራው ራሱ ጉልቻ መለዋወጥ ነው፣ አንድ ሙሉ ቅዳሜም ሊፈጅ ይችላል።

አንድ ወጥ ግንብ ከመሥራት ይልቅ እኩል ያልሆኑ ሁለት ደሴቶችን ይካቡ። ትልቁ ከሳጥኑ ርዝመት ሲሶ ላይ፣ ማለትም ከግራ ወይም ከቀኝ ጫፍ 33 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ቁንጮው ይረፍ፤ ትንሹ በሌላኛው በኩል ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ በመካከላቸውም ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ይኑር። ቁንጮው ከ30 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ መልካም ነው። ከላይ የሚተወው ውሃ ኮራሎቹ ወደ ላይ የሚያድጉበት ቦታ ይሆናል፤ ፓምፑም የውሃውን ገጽ ያለ እንቅፋት እንዲያናውጥ ያስችለዋል።

ዋሻ ሲሠሩ ሁለት በር ያውጡለት። አንድ በር ብቻ ያለው ጉድጓድ ቆሻሻ ያጠራቅማል፤ በረኛ የሆነው ዓሣም ደካማውን ከውስጥ አፍኖ ሊይዘው ይችላል። ከደሴቶቹ ፊት ለፊት በተለያየ ከፍታ ላይ መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ሦስት ጠፍጣፋ መደቦችን ይተዉ፤ ኮራሎቹ የሚቀመጡት በነዚህ ላይ ነው።

ካቡ ሲያልቅ የክፍሉን መብራት አጥፍተው የእጅ ባትሪ ከጀርባው ያብሩና ከፊት ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ብርሃኑ በየስንጥቁ ተሰነጣጥቆ ከወጣ ውሃውም ያልፋል። ሙሉ በሙሉ ጨለማ የሆነ፣ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ካዩ ከዚያ ላይ አንድ ድንጋይ ያንሡ። የኮንሶን እርከን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ በደረቅ ድንጋይ ያለ ጭቃ የተካበ ካብ ውሃውን በመካከሉ እያሳለፈ ይቆማል።

መገጣጠሚያዎቹን ለማጠንከር ወፍራም ጄል የሆነ ሱፐር ግሉና እንደ ሊጥ የሚታሽ ሁለት ድብልቅ ኢፖክሲ አብረው ይሠራሉ፤ ኢፖክሲው ክፍተቱን ይሞላል፣ ግሉው እስኪደርቅ ያቆየዋል። ረጅም ድልድይ ካለ በድሪል በስተው የአክሪሊክ ዘንግ ያስገቡበት። ሽቦ፣ ሚስማርና የመዳብ ነገር ፈጽሞ አይግባ፤ መዳብ በጥቂት መጠንም ቢሆን ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይገድላል። 24 ሰዓት ካደረቁ በኋላ ካቡን በመዳፍዎ ከጎን ገፋ ያድርጉት፤ የሚወድቅ ከሆነ አሁን ይውደቅ። በመጨረሻም በስልክዎ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ ፎቶ ያንሡ፣ የሚነጣጠሉትንም በእርሳስ ቁጥር ይስጧቸው።

ወደ ሳጥኑ ሲገባ ድንጋዩ ይቀድማል፣ አሸዋው ይከተላል። መስታወቱ ላይ ስስ የፕላስቲክ ፍርግርግ አንጥፈው መሠረቱን በቀጥታ በእርሱ ላይ ያሳርፉ፣ ከዚያ 25 ኪሎ ያህል የአራጎናይት (የካልሲየም ካርቦኔት) አሸዋ በዙሪያው ያፍስሱ፤ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይሰጣል። በሁለተኛው ሙከራዬ ተቃራኒውን አድርጌ አሸዋውን አስቀድሜ ነበር። ጥፍሯን እንደ ሽጉጥ የምታስጮኸው ፒስቶል ሽሪምፕ በየሌሊቱ ከመሠረቱ ሥር ስትቆፍር ቆይታ፣ አንድ ምሽት ድም የሚል ድምፅ ሰምቼ ብሮጥ ትልቁ ድንጋይ ከፊተኛው መስታወት ላይ ተደግፎ አገኘሁት። መስታወቱ ተረፈ፤ ከሥሩ የነበረችው ዓሣ ግን አልተረፈችም።

ውሃ፣ ጨውና ንፋስ

የቧንቧ ውሃ ከገፈርሳም ይምጣ ከለገዳዲ ወይም ከአቃቂ ጉድጓዶች፣ ክሎሪንና የተለያዩ ማዕድናት ስለሚኖሩት በቀጥታ አይገባም፤ በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ በሚያጣራ መሣሪያ፣ የተጣራ ውሃ ያስፈልጋል። ጨውም የወጥ ቤት ጨው ወይም አሞሌ አይሆንም፤ እነዚህ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ሲሆኑ ለኮራልና ለቀንድ አውጣ የሚያስፈልገው ካልሲየምና ማግኒዚየም በልኩ የላቸውም። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው ለ200 ሊትር ከ7 እስከ 7.5 ኪሎ ያህል በማሞቂያና በፓምፕ አንድ ቀን አሟሙተው፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት የጨው መጠን መለኪያ በሆነው ሬፍራክቶሜትር ሲለካ አንጻራዊ ጥግግቱ 1.025 ማሳየቱን ያረጋግጡ። በበጋው ደረቅ አየር ውሃው ቶሎ ይተናል፤ የሚተነው ግን ውሃው ብቻ ስለሆነ የሚተካው ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ነው።

የአዲስ አበባ ቀዝቃዛ አየር የውሃ ማቀዝቀዣ ከመግዛት ያድነናል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ግን ማሞቂያው ይፈተናል። ከአንድ 300 ዋት ይልቅ ሁለት ባለ 150 ዋት ያድርጉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እስኪደርሱ ያቆያል። የማዘዋወሪያ ፓምፖቹ ጠቅላላ ኃይል በሰዓት ከ2,000 እስከ 4,000 ሊትር ይሁን። አንዱ የውሃውን ገጽ እንዲያናውጥ ወደ ላይ ዘንበል ይበል፤ ሌላው በሁለቱ ደሴቶች መካከል ባለው መንገድ አልፎ ወደ ጀርባ ይንፋ። ጥቂት የተፈጨ የዓሣ ምግብ በትነው የት እንደሚያርፍ ይመልከቱ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚከማች ከሆነ ፓምፑን ያዙሩ። በዚህ ከፍታ ላይ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ መግዛት ከማንኛውም ጌጥ ይቀድማል፤ መብራት ሲጠፋ ዓሦቹ የሚታገሡት በባሕር ወለል ከፍታ ካሉት ላጠረ ጊዜ ነውና።

ባዶው ሳጥን

ደረቅ ድንጋይ ከሆነ መብራቱን አጥፍተው፣ ሽቶም ሳሙናም ያልተቀላቀለበት አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪሆን ይጨምሩ፣ በጠርሙስ የሚሸጠውን ባክቴሪያም ያክሉበት። በየሁለት ሦስት ቀኑ ይለኩ። አሞኒያው መውረድ ሲጀምር ናይትራይቱ ይወጣል፣ እርሱም ሲወርድ ናይትሬቱ ይታያል። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ሳጥኑ ዝግጁ ነው የሚባለው 2 ሚሊግራም አሞኒያ ጨምረው በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ሲያሳዩ ነው። ከዚያ የውሃውን ሲሶ ይለውጡ። በነዚህ ሳምንታት የሚመጣ ጎረቤት ሁሉ «ዓሣው የት አለ?» ማለቱ አይቀርም።

ፍጥረታቱን ማስገባት

መብራቱ በበራ በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንጋዩንና አሸዋውን ቡናማ ዱቄት የመሰለ ነገር ይሸፍነዋል፤ ዲያቶም የተባለ ደቃቅ አልጌ ነው፣ አያስደነግጥም። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የሚገቡትም ይህን ጊዜ ነው፦ ስድስት ያህል ትሮከስ ቀንድ አውጣ ለድንጋዩ፣ አራት ናሳሪየስ ቀንድ አውጣ ለአሸዋው፣ በባዶ ዛጎል የሚኖሩ ሦስት አራት ጥቃቅን ሸርጣኖች። ለሸርጣኖቹ ተጨማሪ ባዶ ዛጎሎች ካልተውላቸው ቀንድ አውጣዎቹን ገድለው ቤታቸውን ይወርሳሉ።

ከቦሌ የሚመጣው ከረጢት ልክ እንደ ቺፕሱ ተወጥሮ ሊደርስ ይችላል፤ በመርፌ አይብሱት። ከረጢቱን ሳይከፍቱ 20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፍፈው ሙቀቱን ያስተካክሉ። ሲከፈት የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ የውሃው ፒኤች ከፍ ይላል፣ በጉዞ የተጠራቀመው አሞኒያም የበለጠ መርዛማ ይሆናል፤ ስለዚህ ዓሣን በጠብታ ለማላመድ ከ30 ደቂቃ በላይ አይቆዩ። ሽሪምፕ ግን የጨው ለውጥ ስለማይችል አንድ ሰዓት ያህል ይሰጠው። ለጠብታው ከፋርማሲ የሚገዛ የግሉኮስ መስመር የሚያህል ዕቃ አላገኘሁም፤ መቆጣጠሪያው ጎማ ጠብታውን በሰከንድ ልክ ያስተካክላል። የከረጢቱን ውሃ ወደ ሳጥኑ አይድፉት፣ ዓሣውን ብቻ በመረብ ያሻግሩ።

የዓሦቹ ቅደም ተከተል ከገራም ወደ ኃይለኛ ነው፤ ቀድሞ የገባ ቦታውን የራሱ ያደርጋልና። መጀመሪያ አሸዋ ላይ የሚውል ጎቢ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ በቀይ ባሕር የሚኖሩት ባለ ሁለት ቀበቶ ክላውንፊሾች ጥንድ፣ በመጨረሻ የቀይ ባሕሩ ሐምራዊ ዶቲባክ። ጎቢው ከካቡ ሥር፣ ዶቲባኩ ባለ ሁለት በሩ ዋሻ ውስጥ፣ ክላውንፊሾቹ በአንዱ ጥግ ከላይ ይሰፍራሉ። በአራት ትንንሽ ዓሦች ላይ ማቆም ለ200 ሊትር ንፉግነት ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን የሌሊቱን ኦክስጅን እያሰብኩ አምስተኛውን አልጨምርም። ሰርጅን የሚባሉት ዋናተኛ ዓሦች፣ ቢያምሩም፣ በአንድ ሜትር ሳጥን ውስጥ መንገድ አያገኙም።

ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ለስላሳ ኮራሎች ይከተላሉ። ማሽሩም የተባሉት ብርሃኑ በሚለሰልስበት በካቡ እግር ሥር፣ ዜኒያ በትንሹ ደሴት ላይ ብቻዋን፤ ይህች ኮራል በድንጋዩ ላይ እንደ ሰርዶ ስለምትስፋፋ ከትልቁ ደሴት ጋር ባትገናኝ ይሻላል። እንደ ዩፊሊያ ያሉት ድንጋያማ ኮራሎች ደግሞ በሌሊት ተናዳፊ እጆቻቸውን ስለሚዘረጉ በዙሪያቸው 15 ሳንቲ ሜትር ይተዉላቸው። አበባ የሚመስለው የባሕር እንስሳ አኔሞን ግን ከስድስት ወር፣ ይልቁንም ከአንድ ዓመት በፊት አይግባ። ሲገባም የፓምፖቹን አፍ በስፖንጅ ይሸፍኑ፤ ደስ ያለውን ስንጥቅ እስኪያገኝ ድረስ እየተንፏቀቀ መላውን ካብ ሊዞር ይችላልና። እግሩን ተክሎ ከተቀመጠ በኋላ በዙሪያው ያሉትን ኮራሎች ያርቁ እንጂ እርሱን ከቦታው አይንቀሉት።